ጧሪም እንደ ቀባሪ ይደራጅ፦ ለወላጆች እርጅና አስቀድሞ የመሰናዳት መመሪያ

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ተብለን ስንመረቅ ሁለት ሥራዎች በአንድ ትንፋሽ ይጠራሉ፤ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ግን ከሁለቱ በሥርዓት የተደራጀው ሁለተኛው ብቻ ነው። ለቀብሩ ቅሬ (በሌላ አካባቢ ዕድር የሚባለው) አለ። ቅሬው መዝገብና ወርኃዊ መዋጮ አለው፤ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ተመርጠውለታል፤ ድንኳኑና ሰሌኑ ተቆጥሮ ተቀምጧል፤ ከቀብር የቀረ አባልም ይቀጣል። ከቀብሩ በፊት ያሉት ዓመታት፣ ማለትም አንድ አዛውንት ከአልጋ ለመነሳት፣ ለመታጠብና መድኃኒት ለመዋጥ የሰው እጅ የሚፈልጉባቸው ዓመታት ግን መዝገብ የላቸውም። ሥራው አንድም ሰው ሳይወስን ከቤት ላልወጣችው ሴት ልጅ ወይም በቅርብ ለሚኖረው ልጅ ይወድቃል፤ ሌሎቹ እኅትና ወንድሞች ደግሞ በስልክ ይጠይቃሉ፣ ሲመቻቸው ይልካሉ።

እኔ ኮምቦልቻ እኖራለሁ፤ እናቴ ደሴ ሆጤ ናት፤ አንድ ወንድሜ አዲስ አበባ፣ አንዲት እኅቴ ዓረብ አገር፣ ታናሻችን ደግሞ ከእናታችን ጋር ናት። እናታችን ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ስትወጣ ወድቃ ዳሌዋን እስከ ተጎዳች ድረስ አራታችንም ስለ ነገሩ አንድ ቀን እንኳ አብረን አልተነጋገርንም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያደረግነው ለሌላው እንደ አዲስ ነገር የሚቆጠር አይደለም፤ ለቅሬ የምናውቀውን ሥርዓት ወስደን ለመጦር አዋልነው። ቀጥሎ የተጻፈው በዚሁ መንገድ መሄድ ለሚፈልግ ቤተሰብ ነው።

ንግግሩን ማን ያንሳ፣ መቼስ ይነሳ

ብዙ ቤት ውስጥ ነገሩ የሚሰናከለው ገና ሲነሳ ነው። ልጅ «እማዬ፣ አንድ ቀን አቅም ቢያንስሽስ?» ብሎ ሲጀምር እናት «ምነው፣ ታሟርትብኛለህ?» ትላለች፤ ጨዋታውም በዚያው ይዘጋል። ስለዚህ ከወደፊቱ ይልቅ ካለፈው መጀመር ይሻላል። «አባባ፣ እርስዎ አያታችንን ሲጦሩ ከሁሉ የከበደዎ ምን ነበር?» ተብሎ ቢጠየቅ አዛውንቱ ሰፋ አድርገው ይመልሳሉ፤ በዚያ መልስ ውስጥ ለራሳቸው የሚመኙትንም የሚሸሹትንም ሳይታወቃቸው ይናገራሉ። እንዲያ ያለው ጥያቄ አባትን ከተጧሪነት ይልቅ በመካሪነት ወንበር ስለሚያስቀምጣቸው ማሟረት አይመስልም።

ጊዜው ልጆች ሁሉ የሚሰበሰቡበት ቢሆን መልካም ነው፤ ነገር ግን የፋሲካ ወይም የዓረፋ ዕለት ቤቱ በእንግዳ ስለሚሞላ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቀን ይመረጣል። ከአቦሉ እስከ በረካው ያለው ጊዜ ለመጀመሪያው ንግግር ይበቃል፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ልጨርስ ማለት አዛውንቱን ያስደነግጣል። ልጆች ደፍረው ማንሳት ካልቻሉ የንስሐ አባት፣ ሸኽ ወይም የዕድሜ እኩያ የሆነ የቅሬ ጓደኛ ቢያነሳው ይቀላል። እኔ የማምነው በእኩያው ነው፤ ምክንያቱም ነገሩ ለራሱም የሚደርስ መሆኑን ስለሚያውቅ አይመክርም፣ ይጨዋወታል እንጂ።

ከንግግሩ የሚገኘው መልስ በአዛውንቱ በራሳቸው ቃል መጻፍ አለበት። መኖር የሚፈልጉት የት ነው? ገንዘባቸውን ማን ይያዝ? ከባድ ሕመም ቢመጣ ወደ አዲስ አበባ መወሰድ ይፈልጋሉ ወይስ ከቤታቸው ላለመራቅ ይመርጣሉ? ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ግን ገላቸውን ማን ያጥብ የሚለው ጥያቄ ነው። አባት በሴት ልጃቸው ወይም በምራታቸው ፊት ልብሳቸውን ማውለቅ ከሞት የከፋ ሆኖ ሊታያቸው ይችላል፤ ይህን የሚያውቅ ቤተሰብ ወንድ ልጅ ወይም የወንድም ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን እንዲመጣ አስቀድሞ ይመድባል። ያላወቀው ደግሞ አባት ለምን ገላ መታጠብ እንደጠሉ ሳይገባው ይጨቃጨቃል።

መዝገቡና መዋጮው

አንድ ደብተር ይገዛና በመጀመሪያው ገጽ የልጆች ሁሉ ስም ይጻፋል። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመደባሉ። አዛውንቱ አእምሯቸው የሰላ ከሆነ ሰብሳቢነቱ የእርሳቸው ነው፤ ስለ እርሳቸው ሌላው የሚወስንበት ስብሰባ ሆኖ ከተሰማቸው ሥርዓቱ ከወር አያልፍም። ገንዘብ ያዡና በየቀኑ የሚያስታምመው ሰው አንድ ባይሆኑ ይመረጣል፤ የሚያስታምም ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ አድሮ በማግሥቱ የሳንቲም ሒሳብ መጠየቅ ያስቀይመዋል፣ ሐሜትም ይከተላል።

የመዋጮው መጠን በግምት አይወሰን። ለሦስት ወር ያህል የወጣው ሁሉ ይመዝገብ፤ መድኃኒቱ፣ የሠራተኛ ደመወዙ፣ የባጃጁ፣ ወተቱና ፍራፍሬው፣ እንደ ሁኔታውም ዳይፐሩ። ከዚያ የወር አማካዩ ይወጣል፤ በዚያ ላይ የድንገተኛ ሕመም መጠባበቂያ ይጨመርና እንደ እያንዳንዱ ልጅ አቅም ይከፋፈላል። እኩል ማካፈል ፍትሐዊ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ አይደለም፤ መምህር የሆነው ወንድምና ነጋዴ የሆነችው እኅት አንድ ዓይነት ብር ቢጠየቁ አንዱ በሁለተኛው ወር ያቋርጣል።

እዚህ ላይ ስለ ዓረብ አገር ገንዘብ አንድ ቃል ማለት ይገባል። ወሎ ውስጥ ብዙ ወላጅ የሚጦረው ጅዳ፣ ዱባይ ወይም ቤሩት ባለች ልጅ ላብ ነው፤ ቤተሰቡም ሙሉ ሸክሙን በእርሷ ላይ ጥሎ ይቀመጣል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ100 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ የእነርሱን ሐዋላ ብቻ ሲጠብቅ የነበረ ቤት ሁሉ በአንድ ጊዜ ባዶ ሆኗል። ስለዚህ የእርሷ ገንዘብ ለመጠባበቂያና ለትልልቅ ወጪዎች፣ ለምሳሌ ለቤት እድሳት ወይም ለቀዶ ሕክምና ቢውል፣ የወር ወጪው ደግሞ አገር ውስጥ ባሉት መዋጮ ቢሸፈን ቤቱ በአንዲት ልጅ የመኖሪያ ፈቃድ ላይ አይንጠለጠልም። እርሷም አንድ ቀን ተመልሳ የምትኖርበትን ማስቀመጥ ትችላለች።

የጉልበት መዋጮ እንደ ገንዘብ መዋጮ መቆጠሩ የመዝገቡ ዋና ነገር ነው። ሥራዋን ትታ ወይም ትዳሯን አዘግይታ ከእናቷ ጋር የተቀመጠች ልጅ ገንዘብ አላዋጣሽም ልትባል አይገባም፤ ይልቁንም ሌሎቹ ለእርሷ ወርኃዊ አበል ሊያስቡላት፣ በወርም የተወሰኑ ቀናት ተተክተው ሊያሳርፏት ይገባል። እኛ ቤት ተራው ይህን ይመስላል፦ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ እኔ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቼ እተካለሁ፣ ወንድሜ ደግሞ የዓመት ፈቃዱን ከፍሎ በዓመት ሁለት ጊዜ ሳምንት ሳምንት ይቀመጣል። መጀመሪያ ላይ ታናሻችን «እኔ መቼ ደከመኝ አልኩ?» ብላ ተቆጥታ ነበር። በሦስተኛው ተራ ግን ቀድማ ልብሷን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ።

ይህ ካልተደረገ ነገሩ በውርስ ጊዜ ይፈነዳል። «እኔ ነኝ የጦርኳት» እና «ማን ጡሪ አለሽ» የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ስንት እኅትማማች እንደለያዩ የደሴ ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ወላጅ ለጧሪዋ ልጅ የተለየ ነገር ሊሰጡ ከፈለጉ በሕይወት ሳሉ፣ ሌሎቹ እየሰሙ፣ በጽሑፍ ይስጡ። በሕጉ በኩል ወላጅን የመቀለብ ግዴታ የልጆች ሁሉ እንጂ የአንዱ አይደለም፤ የቤተሰብ ሕጉ ቀለብ የመስጠት ግዴታን በወላጅና በልጅ መካከል በግልጽ ደንግጓል፣ ችግረኛ ወላጅም ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላል። እዚያ የደረሰ ቤተሰብ ግን መዝገብ ማውጣት ከነበረበት ጊዜ ብዙ ዓመት አልፎታል።

ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ፣ የየትኛው ልጅ ቤት

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ በመካከላቸው የግማሽ ሰዓት መንገድ ብቻ ቢሆንም ብርዱ አንድ አይደለም። መገጣጠሚያቸውን የሚያማቸው ወይም አስም ያለባቸው አዛውንት በክረምት ሞቅ ያለው የኮምቦልቻው ቤት ሊሻላቸው ይችላል። ይሁን እንጂ ብርድን ብቻ አይቶ ማዛወር ስሕተት ነው፤ ጎረቤታቸው፣ የሚሳለሙት ቤተ ክርስቲያን ወይም የሚሰግዱበት መስጊድ፣ ቅሬያቸውና የወዳጃ (የጋራ ጸሎት) ጓደኞቻቸው ያሉት በቀደመው ሰፈራቸው ነው። ለሁለት ወር ተሞክሮ ካልተስማማቸው የሚመለሱበት ቤት ሳይሸጥና ሳይከራይ መቆየት አለበት።

ባሉበት የሚቆዩ ከሆነ ቤቱን ማሰናዳት ይቀድማል። ከመኝታ እስከ ሽንት ቤት ያለው መንገድ በሌሊት ተሄዶ ይታይ፤ ቀን የማይታይ ደፍ ሌሊት ይጥላል። አምፖል፣ በግድግዳው ላይ የሚያዝ ብረት፣ የማያንሸራትት ወለል፣ ሽንት ቤቱ በግቢ ውስጥ ርቆ ከሆነም ለሌሊት የሚሆን ፖፖ ወይም የሽንት ቤት ወንበር፣ እነዚህ ሁሉ የእናቴን ዳሌ ለማሳከም ካወጣነው በጣም ባነሰ ዋጋ የሚሠሩ ነበሩ። በብርዳማዎቹ ወራት ደግሞ ለሙቀት ሲባል ከሰል በተዘጋ መኝታ ቤት አይደር፤ የከሰሉ ጋዝ ሽታ የለውምና ተኝቶ ያለ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ቤቱን ቀን አሙቆ ከመተኛት በፊት ማውጣትና ወፍራም ብርድ ልብስ መደረብ ይበቃል።

የቀበሌ ቤት የሚኖሩ ብዙ አዛውንት አሉ። የኪራይ ውሉ በማን ስም እንደሆነ፣ አብሮ የሚኖረው ጧሪ በነዋሪነት መመዝገቡና የኪራይ ደረሰኙ መሟላቱ አሁኑኑ ይታይ፤ ተከራዩ ካለፉ በኋላ የሚደረግ ሩጫ አድካሚ ነው።

ወረቀቱ

በወሎ ወረቀትን የሚያበላሸው የመጀመሪያው ነገር ስም ነው። አንድ አባት በቤት ካርታው «መሐመድ»፣ በባንክ ደብተሩ «ሙሐመድ»፣ በጡረታ ሰነዱ «መሀመድ» ተብለው ተጽፈው ይገኛሉ፤ አንዲት እናት ደግሞ በትዳር ምክንያት ሃይማኖት ቀይረው በሁለት ስም ሲጠሩ የኖሩ ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ራሴ የእናቴ ስም በአንድ ፊደል ልዩነት ምክንያት ከአንድ ባንክ መስኮት ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ። ባለቤቱ በሕይወት ቀርበው «እኔው ነኝ» ማለት በሚችሉበት ጊዜ ይህን ማስተካከል የጥቂት ቀናት ሥራ ነው፤ ካለፉ በኋላ ግን ምስክር እስከ መቁጠር ያደርሳል። ሰነዶቹ ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው ፊደል በፊደል ይመሳከሩ። ፋይዳ ያልያዙም ይመዝገቡ፤ ምዝገባው ከጣት አሻራ በተጨማሪ የዓይን ብሌን ምስልና ፎቶ ስለሚወስድ አሻራቸው በሥራ ያለቀ አዛውንት ተስፋ መቁረጥ የለባቸውም።

ጡረታ ያላቸው ወላጅ ቢያልፉ በሕይወት የቀረው የትዳር ጓደኛ የአበሉን 50 በመቶ የማግኘት መብት አለው፤ ለዚህ የጋብቻ ማስረጃ ያስፈልጋል። ከ40 ዓመት በፊት በሽማግሌ ወይም በኒካህ የተጋቡ ብዙ ባልና ሚስት ይህ ወረቀት የላቸውም፤ ሁለቱም ቆመው መሄድ በሚችሉበት ጊዜ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጋብቻቸውን ማስመዝገብ ከጡረታው አልፎ ለቤቱም ጉዳይ ይጠቅማል።

ውክልና በብዛት በተሳሳተ መንገድ ይታያል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና የሚያስችለው የማስተዳደር ሥራን ነው፤ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ ይህንኑ የሚጠቅስ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ስለዚህ ጡረታ ለመቀበል፣ የመብራትና የውሃ ጉዳይ ለመከታተል ብቻ የሚፈልግ ልጅ የመሸጥ ሥልጣን አይጠይቅ፤ ወላጅም አይስጡ። ውጭ አገር ያለ ልጅ በበኩሉ ውክልና መስጠት ሲፈልግ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ፈርሞ ይልካል፤ ሰነዱም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። ከዚህ ሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን ውክልና ሰጪው ሲሞት ወይም የመዋዋል ችሎታውን ሲያጣ በመርሕ ደረጃ ቀሪ መሆኑ ነው። የመርሳት በሽታ የጠናባቸውን እናት ይዞ ለመፈረም መሄድ አይቻልም፤ በዚያን ጊዜ ያለው መንገድ በፍርድ ቤት መከልከላቸው ተወስኖ ጉዳያቸውን የሚመራ ሰው እስኪሾም መጠበቅ ነው።

ኑዛዜን በተመለከተ ደሴ ላይ ደጋግሜ የሰማሁት አነጋገር «አልጋ ላይ ሆነው ቤቱ የእርሷ ነው ብለዋል» የሚል ነው። በሕጉ የቃል ኑዛዜ ከቀብር ሥነ ሥርዓትና ከልጆች ሞግዚትነት ሌላ የሚፈቅደው እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታን ብቻ ነው፤ ተናዛዡም ሦስት ወር በሕይወት ከቆዩ ቀሪ ይሆናል። ቤት በቃል አይወረስም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡና ቀኑም በጽሑፉ ውስጥ መጠቀስ፣ ሁሉም ወዲያው መፈረም አለባቸው፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። «ተነበበ» የምትለዋ ቃል በመቅረቷ ብቻ ኑዛዜ ይፈርሳል። በራሳቸው እጅ የሚጽፉ ሰው ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ጽፈው በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀን ማስፈርና መፈረም ይኖርባቸዋል፤ ያም ቢሆን በሰባት ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው መናዘዝም ሕጉ የማይቀበለው ነገር ነው፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይጻፉ። ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው በምስክርነት አይቁጠር። ሙስሊም ቤተሰብ ጉዳዩን በሸሪዓ ለመጨረስ የሚያስብ ከሆነ ወሲያ (ኑዛዜ) ከንብረቱ ሲሶ እንዳይበልጥ፣ ለወራሽም እንዳይሆን የሚለውን ሥርዓት ከዓሊም ጋር ተማክሮ ይጻፍ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለቱ እምነቶች በሚኖሩበት በብዙው የወሎ ቤት ደግሞ የትኛው መንገድ እንደሚመረጥ ሁሉም እየሰማ ቢነገር ይሻላል።

ጤናው

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ስለነበር ነገሩ ለአካባቢው አዲስ አይደለም። ችግሩ መታወቂያው በየዓመቱ መታደሱ መረሳቱና ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር መሄዱ ነው፤ ጤና ጣቢያውን ዘሎ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። የማደሻው ወር በመዝገቡ ላይ በቀይ ይጻፍ።

የመድኃኒቶቹ ስም፣ መጠንና የሚወሰዱበት ሰዓት በአንድ ገጽ ተጽፎ ከግድግዳ ይለጠፍ። የደም ግፊት መድኃኒት «አሁንስ ተሻለኝ» ተብሎ የሚተው አይደለም፤ ግፊቱ የወረደው መድኃኒቱ ስላለ ነው። የስኳር ሕመምተኛ አዛውንት ረመዳንን ወይም ዐቢይ ጾምን ለመጾም ከፈለጉ ጾሙ ከመግባቱ አንድ ወር በፊት ሐኪሙም የሃይማኖት አባቱም ይጠየቁ፤ ሁለቱም እምነቶች ለሕመምተኛ ያላቸውን ፈቃድ ከልጅ አፍ ከመስማት ከአባቶች መስማት ለአዛውንቱ ይቀላል። ዓይን ሲደክም የእርጅና ነው ብሎ መተው አይገባም፤ ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፣ የዓይን ሕክምና የሚሰጠው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ለደሴ ቅርብ ነው። አልጋ ላይ የዋሉትን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ከብዙ የቁስል ሕክምና ያድናል።

ስም መርሳት ሁሉ በሽታ አይደለም። ነገር ግን የለመዱት ሰፈር የጠፋባቸው፣ ምድጃ ላይ የጣዱትን ደጋግመው የሚረሱ፣ ያለ ምክንያት ጎረቤት ሰረቀኝ ማለት የጀመሩ አዛውንት በጊዜ ለሐኪም ይታዩ። «ጃጁ» ተብሎ መታለፉ ቀደም ሲል በተጻፈው የውክልና ጉዳይ ላይ የሚያመጣውን መዘዝ ማስታወስ ይበቃል።

ለድንገተኛ ቀን የተዘጋጀ ሻንጣ

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ መሄድ የቻለው ሄደ፤ ብዙ አዛውንት ግን ቀሩ። ከቀሩትም ብዙዎቹን ያስጨነቃቸው ከተኩሱ እኩል የመድኃኒት መቋረጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእናቴ አልጋ ሥር አንዲት ሻንጣ አለች። በውስጧ የካርታው፣ የጡረታው፣ የፋይዳውና የጤና መድኑ ኮፒ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የሐኪሙ የመጨረሻ ማዘዣ፣ ለአንድ ወር የሚበቃ መድኃኒት፣ ጥቂት ብር፣ ጋቢና መነጽር አሉ። መድኃኒቱ ጊዜው እንዳያልፍ በየወሩ አዲሱ ወደ ሻንጣው ይገባና የቆየው ለዕለት ይወጣል። ኦሪጅናሎቹ ወንድሜ ዘንድ ናቸው፣ የሁሉም ፎቶ ደግሞ በአራታችንም ስልክ ላይ ይገኛል።

ሻንጣዋን የሚያነሳው ማን እንደሆነ፣ እናታችንንስ ማን እንደሚሸከማት በመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ተጽፏል፤ የሁለት ጎረቤቶችና የአንድ ባጃጅ ነጂ ስልክም አለ። ቃሬዛ የምንጠይቀው ከቅሬው ነው። ድሮ በገጠር ሕመምተኛ ወደ ሕክምና የሚደርሰው በዚያው በቅሬው ቃሬዛ ስለነበር ሰብሳቢው ጥያቄውን ሲሰሙ አልተገረሙም፤ ንብረት ክፍሉ የሚከፈትበትን ቁልፍ ማን እንደያዘ ነግረውን ስሙን እዚያው ገጽ ላይ ጻፍነው።